የማይጠመጠመው ክሌማቲስና የአዲስ አበባ ዝናብ

ለዚህ ዓምድ ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ክሌማቲስ ስለሚባለው የአበባ ተክል፣ ይልቁንም ስለማይጠመጠሙት የክሌማቲስ ዓይነቶች የሚጠይቁ በመሆናቸው የዛሬውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጠያቂዎቹ ሁሉም የመሀል ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ መልሶቹ የተዘጋጁት ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለሚገኝ፣ ክረምቱ ከባድ፣ በጋውም ደረቅ ለሆነ ግቢ ነው።

ጥያቄ፦ ዓምና ክሌማቲስ ተብሎ የተሸጠልኝን ችግኝ አጥሬን ይሸፍንልኛል ብዬ ከግንቡ ሥር ተከልሁት፤ ሽቦም ዘረጋሁለት። ይሁን እንጂ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ እንዳለ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሽቦውን ባስይዘውም ይለቀዋል። አበባው ሰማያዊ ሆኖ እንደ ደወል ወደ ታች ያጎነበሰ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የችግኙ? (ከቀበና፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እርስዎም ችግኙም አላጠፋችሁም፤ የተሳሳተው ሲሸጥልዎ የተነገረዎት ነገር ነው። ከ300 በሚልቁት የክሌማቲስ ዝርያዎች ውስጥ አብዛኞቹ ሐረግ መሆናቸው እውነት ቢሆንም፣ ከመሬት ተነሥተው ለብቻቸው የሚያድጉና ምንም ነገር የማይጨብጡ ዝርያዎችም አሉ። ሐረጉ ክሌማቲስ የሚወጣው ቅጠሉን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን አገዳ አንድ ነገር ሲነካ ስለሚጠቀለል ነው። እርስዎ የተከሉት ዓይነት ግን ይህ ችሎታ ከነጭራሹ የለውም፤ ሽቦው ቢቀጥንም ቢወፍርም ሊይዘው አይችልም።

ከገለጹልን መልክ ተነሥተን ተክሉ ክሌማቲስ ኢንተግሪፎሊያ ወይም ከእርሱ የተገኘ ድቅል ነው ብለን እናምናለን። ይህ ዝርያ ከመካከለኛው አውሮፓ ጀምሮ በሩሲያ አልፎ እስከ መካከለኛው እስያ ባሉ የሣር ሜዳዎች በተፈጥሮ የሚበቅል ሲሆን፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ነው፤ ቅጠሉ ያልተከፋፈለ አንድ ወጥ ቅጠል ነው፤ አበባውም በየግንዱ ጫፍ አንድ አንድ ሆኖ ይንጠለጠላል። በተፈጥሮ ቦታው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዙሪያውን የከበበው ረጅም ሣር ደግፎ ስለሚይዘው ነው። በአንድ ግቢ ባዶ መደብ ላይ ለብቻው ሲተከል መተኛቱ ስለዚህ የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ ሽቦውን ያንሡትና በምትኩ ጎረቤት ይስጡት። ከ60 እስከ 75 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል ወይም ላቬንደር ቢተክሉ ግንዶቹ በእነርሱ ላይ ጋደም ብለው አበባቸውን በቅርንጫፎቹ መሀል ያወጣሉ፤ ሰማያዊው ደወል በቀላ ያለ ጽጌረዳ መካከል ሲታይ በጣም ያምራል። ጎረቤቶቹ እስኪያድጉ ድረስ ደግሞ ከቀርከሃ እንጨትና ከሲባጎ ይልቅ ቅርንጫፍ ያለውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ እመርጣለሁ። ቡቃያው ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ 60 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ጭራሮዎች በዙሪያው ይትከሉ፤ ተክሉ በመካከላቸው ሲያድግ ቅጠሉ ስለሚሸፍናቸው ከወር በኋላ አይታዩም። ከተኛ በኋላ ለማንሣት መሞከር ግን ለጋውን ግንድ ከመስበር በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም።

ለአጥርዎ መሸፈኛ ሌላ ሐረግ ይፈልጉ፤ ይህኛውን ወደ አበባ መደቡ ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጡ የአትክልት መጻሕፍት ክሌማቲስ በየካቲትና በመጋቢት እንዲገረዝ ያዛሉ። አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ስለሚለመልም መግረዝ አያስፈልገውም ይላሉ። ትክክለኛው የትኛው ነው? በሦስት ዓመት ውስጥ የእኔ ተክል ከሥሩ ባዶ፣ ከጫፉ ብቻ የሚያብብ ሆኖብኛል። (ከአራት ኪሎ፣ ጡረታ የወጡ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የጉዳዩን ሥር የነካ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

የማይጠመጠሙት ክሌማቲሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያብቡት በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ ግንድ ላይ ነው። አሮጌው ግንድ ካልተቆረጠ አዲሱ ቡቃያ ከአሮጌው ጫፍ ላይ ይነሣል፤ በየዓመቱም ከመሬት እየራቀ ስለሚሄድ እርስዎ ያዩት ከታች የተራቆተ ተክል ይፈጠራል። በመሆኑም «መግረዝ አያስፈልግም» የሚለውን ምክር አይቀበሉ።

መጻሕፍቱ የሚሰጡት ወር ደግሞ ለተጻፉበት አገር ትክክል ነው። በአውሮፓ ተክሉ በብርድ ምክንያት እስከ መሬት ድረስ ይደርቃል፤ ብርዱ ሲያልፍ ቡቃያው ከመነሣቱ በፊት የደረቀው ተቆርጦ ይጣላል። በአዲስ አበባ ግን የተክሉን ዓመት የሚከፍለው ብርድ ሳይሆን ዝናብ ነው። በመሀል ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ ለተክሉ መልካም ቢሆንም፣ መሬት የሚያደርቅ በረዶ ስለሌለ ተክሉ ሙሉ በሙሉ ላይተኛ፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ሊከርም ይችላል። የቀኑም ርዝመት ብዙ አይረዳውም፤ ለንደን ላይ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ተክሉን የማሳረፉና የመቀስቀሱ ሥራ በአትክልተኛው እጅ ያለ ነው፤ መሣሪያዎቹም መቀስና ውሃ ናቸው።

እኔ የምመክረው አካሄድ የሚከተለው ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ውሃውን ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ሥሩ እንዳይደርቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጡት፤ ማዳበሪያም አይስጡት። ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፤ ዕረፍት ማለት ይህ ነው። ከዚያም በጥር የመጨረሻ ሳምንት፣ አረንጓዴ ቅጠል ቢቀረውም እንኳ ሳይሳሱ፣ ግንዶቹን በሙሉ ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር አስቀርተው ይቁረጡ። ከሥሩ ዙሪያ ሁለት አካፋ ያህል በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ ወይም ኮምፖስት ያልብሱና በዚያው ቀን አርክተው ያጠጡት። የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት ቀድሞ ሌላ ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ስለሚቀር፣ ቡቃያውን ለዝናቡ አደራ አይስጡት፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ውሃውን ከቧንቧ ይጠብቅ።

ተክሉ ከተቆረጠ በኋላ አበባ እስኪያሳይ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ያህል የሚወስድ በመሆኑ፣ በጥር መጨረሻ የተገረዘው በሚያዝያ ውስጥ ያብባል ብለው ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ይህም ከባዱ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሁለተኛውን አበባ በተመለከተ ብዙዎች የሚቸኩሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው አበባ በግንቦት መጨረሻ እንዳለቀ ወዲያውኑ ቢቆርጡት ተክሉ በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም እያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ፣ ሊያብብ ይሞክራል፤ ደወሎቹም በዝናብ ተደብድበው ይበሰብሳሉ። ስለዚህ በሰኔ የጠወለገውን አበባ ብቻ ይልቀሙ፤ ወደ ነሐሴ መግቢያ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን፣ ግንዶቹን በግማሽ ያሳጥሩ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲሱ ቀንበጥ አበባ ስለሚይዝ፣ ሁለተኛው አበባ ደመናው ከተገፈፈ በኋላ፣ በመስከረም አጋማሽና በመጨረሻው፣ አደይ አበባ ሜዳውን በሚሸፍንበት ወቅት ይደርሳል።

የእርስዎን የተራቆተ ተክል በተመለከተ፣ በመጪው ጥር ያለ ፍርሃት ዝቅ አድርገው ይቁረጡት። ክሌማቲስ ሄራክሊፎሊያ የተባለው የቻይና ዝርያ ከሆነ ግን (ቅጠሉ በሦስት የተከፈለና ሰፊ፣ አበባውም ትንንሽ ቱቦ የመሰለና በግንዱ ላይ የተከማቸ ነው) ግንዱ ከሥሩ እንጨት ስለሚሆን እስከ መሬት ሳይሆን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ጤናማ ጉጥ ካለበት በላይ ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ሁለት የክሌማቲስ ችግኞች በሐምሌ ወር ከሥራቸው ጠቁረው ሞቱብኝ። አንድ ባለሙያ በጥልቀት መትከል እንደሚገባ ነግሮኝ ስለነበር 10 ሳንቲሜትር ያህል ቀብሬያቸው ነበር። ግቢዬ ጥቁር አፈር ነው። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የተነገረዎት ምክር ትልልቅ አበባ ላላቸው ሐረግ ክሌማቲሶች የሚሰጥ ነው። እነርሱ ግንዳቸውን ድንገት የሚያጠወልግ የፈንገስ በሽታ ስለሚያጠቃቸው፣ ከላይ ቢሞቱ ከታች እንዲያቆጠቁጡ ሲባል ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጠለቅ ተደርገው ይተከላሉ። የማይጠመጠሙት ግን ለዚህ በሽታ እምብዛም አይጋለጡም፤ ስለሆነም ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ መተከል አለበት። በዋልካ አፈር ውስጥ 10 ሳንቲሜትር የተቀበረ አንገት ክረምቱን በሙሉ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ውሃ የሞላው አፈር አየር ስለማይኖረውም ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የእርስዎ ችግኞች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው የሚል ጠንካራ ግምት አለኝ።

በዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥሩ ጠጠር መሙላት ችግሩን አይፈታም፤ ጉድጓዱ በዙሪያው ካለው አፈር ውሃ እየሳበ እንደ ገንዳ ይሆናል። የሚሻለው ከፍ ማድረግ ነው። መደቡን ከግቢው ወለል ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ለግንባታ የሚሸጠውን ቀይ አሽ ቀላቅለው ይሙሉት። ቀይ አሽ በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፤ ጥቂቱን ደግሞ ይዞ ያቆያል። ደቀቅ ያለውን ይምረጡ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም ወደ መደቡ እንዳይመጣ አሸንዳውን ይመልከቱ፤ የብዙ ግቢዎች ችግር ከሰማይ ከሚወርደው ይልቅ ከቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ነው።

የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ በበጋ ሥሩን ከፀሐይ ስለሚጠብቅ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሆኖም በሰኔ መግቢያ ከአንገቱ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ግንዱን በፍጥነት አርዝሞ ያለሰልሰዋል፤ ከአበባ ይልቅ ቅጠል ያበዛል፤ የሚተኛው ተክልም ይበልጥ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል። የትኛውን ክሌማቲስ በድስት መትከል እችላለሁ? (ከልደታ)

መልስ፦ ኢንተግሪፎሊያና አጫጭር ድቅሎቹ ይስማሙዎታል፤ ድስቱ ግን ጥልቀቱም ስፋቱም ከ40 ሳንቲሜትር ያላነሰና ከሥሩ በደንብ የተበሳ ይሁን። ክሌማቲስ ሬክታ የተባለው ነጭና መዓዛማ አበባ የሚሰጠው ዝርያ እስከ 1 ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም፣ ፎቅ ላይ ነፋሱ ይሰባብረዋልና ለግቢ ይተውት። በዚህ ከፍታ የከሰዓት ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ድስቱን ከግድግዳ ወይም ከሌላ ድስት ኋላ አድርገው ቅጠሉ ብርሃን እንዲያገኝ፣ የድስቱ ገላ ግን ጥላ ውስጥ እንዲውል ያድርጉ። ጥቁር ፕላስቲክ ድስት በበጋ ስለሚግል አልመክርም፤ የሸክላው ይሻላል። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ በጥር ግርዘት ጊዜ አውጥተው አፈሩን ይለውጡለት።

ጥያቄ፦ በእንጦጦ መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የሚወጣው አዞ ሐረግ ከክሌማቲስ ጋር ዝምድና አለው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን? አያቴ አዞ ሐረግን እንዳንነካ ያስጠነቅቁን ስለነበር፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ክሌማቲስ መትከል አስፈራኝ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ዝምድና ብቻ ሳይሆን አዞ ሐረግ ራሱ ክሌማቲስ ነው። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠሩት በተለይ ክሌማቲስ ሲሜንሲስና ክሌማቲስ ሂርሱታ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በደጋና በወይናደጋ ጫካ ጠርዝ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚወጡ፣ ነጣ ያለ አበባ የሚሰጡና ዘራቸው ላባ የመሰለ ጭራ ያለው ሐረጎች ናቸው። ከላይ ያነሣነው ባለ ሰማያዊ ደወሉ ኢንተግሪፎሊያም አበባው ካለፈ በኋላ ያንኑ ላባማ ዘር ሲይዝ ዝምድናው በግልጽ ይታያል።

አያትዎ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ክሌማቲስ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲቆረጥ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በጭማቂው ውስጥ ይፈጠራል፤ በቆዳ ላይ ከቆየ ያቀላል፣ አልፎም ያቆስላል፤ ቢበላ ደግሞ አፍንና ሆድን ያቃጥላል። በድሮ ዘመን በፈረንሳይ አገር ለማኞች የአንዱን ሐረግ ክሌማቲስ ቅጠል ገላቸው ላይ እያሹ ቁስል ያወጡ እንደነበር ይነገራል። በእኛም አገር አዞ ሐረግ ለቁስልና ለቆዳ በሽታ በባህል ሐኪሞች እጅ ሲገባ የቆየ ቢሆንም፣ መጠኑን ሳያውቁ በቤት ውስጥ መሞከር አደገኛ ነው፤ አንባቢዎቻችንን አጥብቄ የምለምነውም ይህንኑ ነው።

ይህ ማለት ግን ተክሉን ከግቢ ማስወጣት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ቅጠሉ መራራና የሚያቃጥል ስለሆነ ልጅ አንዴ ቢቀምሰው አይደግመውም፤ በእጅ በመንካት ብቻም ጉዳት የማድረሱ ነገር እምብዛም ነው። ሲገርዙ ጓንት ያድርጉ፤ የተቆረጠውን ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ በግና ፍየል ካለም እንዳያገኙት ወዲያው ይሰብስቡት፤ እጅዎን ሳይታጠቡም ዓይንዎን አይንኩ።

ጥያቄ፦ በክረምት ለጋው ቡቃያ ሌሊት ተበልቶ ያድራል፤ ጠዋት ምንም አላይም። በመስከረም ደግሞ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ የሌሊቱ በላተኛ ቀንድ አውጣ ወይም ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው። በባትሪ ወጥተው ይልቀሙ፤ ከመደቡ አጠገብ ያሉትን ድንጋይና ጣውላ ያንሡ፤ ቀን የሚደበቁት ከእነርሱ ሥር ነው። ዱቄት የመሰለው የሻጋታ በሽታ ሲሆን፣ አየር በማይዘዋወርበትና ሥሩ ውሃ በተጠማ ተክል ላይ ይበረታል። የታመመውን ቅጠል ለቅመው ያስወግዱ፤ የተጨናነቁትን ግንዶች ያሳሱ፤ ዝናቡ ሲያቆምም ማጠጣቱን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ከጓደኛዬ ግቢ ካለው ዱራንዲ ከተባለ ክሌማቲስ ማባዛት እችላለሁ? በዘርስ? ከውጭ አገር ዘመድ ችግኝ ቢያመጣልኝስ? (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ችግኝ ከነአፈሩ በሻንጣ ማስገባት በሽታና ተባይ ማስገባት ነው፤ ሕጉም ቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከተነሣበት አገር የጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ይህን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ዘመድዎ ከመግዛታቸው በፊት እዚያ ይጠይቁ።

ዱራንዲን ከዘር ማግኘት አይችሉም። እርሱ በፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ ወደ 1870 እ.ኤ.አ. ገደማ ኢንተግሪፎሊያን ከአንድ ባለ ትልቅ አበባ ሐረግ ጋር በማዳቀል የተገኘ በመሆኑ፣ ዘር ቢሰጥ እንኳ ልጁ እናቱን አይመስልም። አልዮኑሽካና አራቤላም እንዲሁ ድቅሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው በክራይሚያ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የተገኙ ሲሆኑ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ከጽጌረዳ ጋር የሚደገፍ አንድ ተክል ብቻ ምረጥ ብባል ለረጅም ጊዜ የሚያብበውን አራቤላን እመርጣለሁ። ድቅሎችን ለማባዛት ቁርጥራጭ ይወሰዳል። በመጋቢት አጋማሽ፣ አበባ ያልያዘ ለጋ ግንድ ይምረጡ። እንደ ሌሎች ተክሎች ከጉጡ ሥር ሳይሆን፣ በሁለት ጉጦች መካከል ይቁረጡ፤ አንድ ጥንድ ቅጠል ከላይ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ግንድ ከታች ይኑረው። ከሁለቱ ቅጠሎች አንዱን ያንሡለት። ግማሽ አሸዋ ግማሽ የተነፋ ኮምፖስት በሆነ አፈር ውስጥ ጉጡ አፈሩን እስኪነካ ድረስ ይትከሉት፤ ውሃ ያጠጡና በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በግማሽ ቆርጠው ይድፉበት። ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። ሁሉም አይጸድቅምና ከሚፈልጉት እጥፍ ያህል ይትከሉ።

የጓደኛዎ ተክል ንጹሕ ኢንተግሪፎሊያ ቢሆን ኖሮ ቀላሉ መንገድ ማካፈል ነበር፦ አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላውን ተክል በጥር መጨረሻ ከተገረዘ በኋላ ቆፍሮ ማውጣትና፣ በየክፍሉ ጉጥና ሥር መኖሩን አረጋግጦ በስለታም አካፋ መክፈል። በዘርም ይበቅላል፤ ነገር ግን ብርድ ለምዶ የመጣ ዘር ስለሆነ በእርጥብ አሸዋ አድርገው ለሁለትና ለሦስት ወር የምግብ ማቀዝቀዣ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም) ቢያቆዩት የመብቀል ዕድሉ ይጨምራል። ቁርጥራጩ ሥር ሰድዶ አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላም ክረምቱን በድስት፣ ዝናብ በማይመታው ጣሪያ ሥር ያሳልፍ፤ መደብ ላይ የሚወርደው በመስከረም ነው።